ሁለተኛው ግብዣ

ሒክማ ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ታዲያ ይቺ ምላሴ በምትፈለግበት ቀን ምን በላት?

ፕሮፌሰር ዝናው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩኛል። ክረምቱን የሐይቆቻችንን ውሃ ሊያጠኑ ሐይቅ ከተማ ገብተዋል፤ ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሰው አብሯቸው እንዲሠራ ሊመርጡ ነው ተባለ። አንድ ሰው ብቻ!

ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት አላህ ያውቃል። እናቴ ዘሀራ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። አባቴ ውጫሌ ሄዶ ሌላ ትዳር ይዟል። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለው ቤታችን የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። ሌላ ክረምት እዚያ ብቻዬን ማሳለፍ አልፈለግሁም።

ሐይቁ ዳር እናቴ ልብስ ታጥብበት የነበረ ድንጋይ አለ። ከሞተች ወዲህ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ውሃው ከድንጋዩ ምን ያህል እንደራቀ እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሳይንስ ብዬ አይደለም የጀመርኩት፤ እዚያ የምቀመጥበት ሰበብ ፈልጌ ነው።

ማክሰኞ ደብተሬን በሻርፔ ጠቅልዬ በባጃጅ ሐይቅ ከተማ ገባሁ። ፕሮፌሰሩ ያረፉበት ሆቴል በረንዳ ላይ የውሃ ናሙና ጠርሙሶች ላይ ቁጥር ሲለጥፉ አገኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩትን ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

«የአርዲቦ ልጅ ነሽ አይደል? ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ?»

ያረቢ! ሳልለምን ተሰጠኝ። እና ምን ብል ጥሩ ነው?

«አይ፣ ይቅርብኝ፤ አላስቸግርዎትም።»

ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው ያደግነው! ጎረቤት «ነይ ብዪ» ሲልሽ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። «በሞቴ» ይልሻል። «ወላሂ በልቻለሁ» ትያለሽ። እጅሽን ይዞ ይጎትትሻል፤ ያኔ ትቀመጫለሽ። ዘመድ ቤት ስንሄድ ቶሎ እሺ እንዳልል እናቴ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር።

ሁለተኛውን ግብዣ ጠበቅሁ። ፕሮፌሰሩ ግን ሃያ ዓመት ውጭ አገር የኖሩ ሰው ናቸው። «እሺ፣ ችግር የለም» ብለው ወደ ጠርሙሳቸው ተመለሱ። ቆምኩ፣ ቆምኩና «በሉ ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ራሴን ስረግም ዋልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እውነት ነው። «በሞቴ ብዪ» ትለኝ የነበረችው እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ፤ እኔ ጅሏ ግን አሁንም እጠብቃለሁ።

ረቡዕ በጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። «ፕሮፌሰር፣ እፈልጋለሁ። ትናንትም እፈልግ ነበር» ብዬ ደብተሩን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ገጽ ገለጡ።

«ይሄን ትናንት ለምን አላሳየሽኝም?»

«ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ።»

«ይቅርብኝ አልሽኝ እኮ! ለክፍልሽ ልጅ ለፋሲካ ደወልኩለት፤ ዕቃውን ይዞ እየመጣ ነው።»

«ለከርሞስ?»

«ከርሞ ትመረቂያለሽ።»

ፋሲካን አልጠላውም፤ ጎበዝ ልጅ ነው። እሱ ሲጠየቅ እሺ አለ፣ አለቀ።

ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይተው መሰለኝ፣ አስተናጋጇን ጠሩ።

«ሻይ ይምጣልሽ?»

«እሺ» አልኩ።

በሃያ አንድ ዓመቴ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ። ጭኔን የቆነጠጠኝ ማንም አልነበረም።