የሸምበቆው ገንዳ

ስልኩ ሲጮህ ወንበር ሠሪው ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ነበር። ለወንበር መቀመጫ የሚዘፈዝፈውን ሸምበቆ እዚያው ጥሎ ተነሣና እጁን በሱሪው ጠራርጎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

“አባዬ፣ እንዴት አደርክ? ዛሬም ለዚያ ቃል ነው የደወልኩት።”

“ደግ አደረግሽ የኔ እመቤት! ጠይቂኝ።”

ልጁ ሩቅ ከተማ፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድ ተቀጥራለች። እንድትፈታው የደረሳት “ስቲፕ” የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ አንድን ነገር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት። የሻይ ቅጠል ፍል ውሃ ውስጥ ሲቆይም ይሉታል። ትርጉሙን ስትጽፍ የአባቷ ገንዳ ትዝ ብሏት ደወለች። ያን ቀን የሰውዬው ደስታ ጣሪያ ነካ፤ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን የሚሰማው አልፎ አልፎ ነበርና።

ታዲያ እሱም ብልጥ ሆነ። አንድ ቀን ስለ ውሃው፣ ሌላ ቀን ስለ ሸምበቆው ውፍረት እየነገራት፣ የቀረውን “ነገ ደውይ” እያለ አቆየው። ሸምበቆው ለሥራ መድረሱ በምን እንደሚታወቅማ ስስታም ልጅ ቁራሹን እንደሚደብቀው ደብቆ ይዞታል። እሱን ከነገራት ምን ቀረ? ቃሉ አለቀ፣ ስልኩም ዝም አለ ማለት ነው።

“የቃሉን ዘር አገኘሽው?” አላት ወሬውን ለማርዘም።

“ድሮ ገብስ ለሚነክሩ ሰዎች ይሉት ነበር አሉ። ከዚያ በፊት ያለውን ሊቃውንቱም አልተስማሙበትም። ዛሬ ለሰውም ይሉታል፤ አንድ ነገር ውስጥ ኖሮ ኖሮ ልቡ ድረስ ለዘለቀው።”

“እንግዲያማ እኔንም ጻፊኝ! አርባ ዓመት ገንዳ ላይ!”

ሳቀች።

“አባዬ፣ መድረሱን በምን ታውቃለህ? እሱን ብቻ ንገረኝ።”

“እሱ... ረጅም ነው። ማታ ደውይ።”

ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል ታላቅ እህቱ ገንዳው አጠገብ አፍንጫዋን ይዛ ቆማለች።

“ኧረ አንተ! ይሄ ሸምበቆ ሸተተ እኮ! መቼ ነው የዘፈዘፍከው?”

ጎንበስ ብሎ ዛሬ ከጨመረው ሥር የሰነበተውን አንዱን መዘዘ። ጠቁሯል፣ ያሟልጫል፤ ሲያጥፈው ብጥስ አለ። ስልክ ስልክ ሲል የደንበኛውን ሸምበቆ አበስብሶት ኖሯል።

“ጉድ ሆንኩ እትዬ!”

“ለልጅህ ናፍቀሽኛል ማለት አፍ ያቃጥላል?”

“ሥራ ላይ ናት። እንዴት ብዬ...”

“ወግድ! በሸምበቆ እያሳበብክ ትናፍቃለህ። ልጅቱ ጠንቋይ ናት እንዴ፣ በምን ትወቀው?”

ዓይኑ ጥግ ላይ ወዳለው የልጁ ወንበር ሄደ። መቀመጫው ከተቀደደ ቆይቷል፤ “ለማን ብዬ” እያለ ሳይጠግነው ቀርቷል። ስልኩን አነሣና ራሱ ደወለ።

“ጻፊ” አላት ገና ሀሎ ሳትል። “ከገንዳው አውጥተሽ ጣትሽ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ። ሳይሰነጠቅ ከዞረልሽ ደርሷል። ከዚያ ካለፈ ይበሰብሳል፤ ይኸው የደንበኛዬን አበስብሼዋለሁ። በቃ፣ ሌላ የደበቅኩሽ የለም። አይ፣ አንድ አለ። ናፍቀሽኛል ልጄ። በጣም ናፍቀሽኛል።”

መስመሩ የተቆረጠ መስሎት “ሀሎ? ሀሎ?” አለ።

“አለሁ አባዬ። ቃሉን እኮ ካስረከብኩት ቆየሁ። ምን ብዬ እንደምደውልልህ ግራ ገብቶኝ ነው።”

“አይ አንቺ!” አለ። እንባውን በእርጥብ መዳፉ ጠረገ።

“ፈቃድ ልጠይቅና ልምጣ?”

“ይሄም ይጠየቃል?”

ስልኩን እንደዘጋ የሸተተውን ውሃ ደፋ፣ ገንዳውን አጠበና አዲስ ውሃ ሞላበት። እህቱ ለደንበኛው የሚሆን ሸምበቆ አቀበለችው።

“የሱ ነገ ይደርሳል፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ” አላት። የልጁን ወንበር ከጥጉ አወጣና አቧራውን ጠረገለት። ከዚያ ለወንበሩ የሚበቃውን ሸምበቆ መርጦ ውሃው ውስጥ ዘፈዘፈ።