የታንከሩ መርፌ

አባቷ ጡረታ ወጡ እንጂ ሥራ አልለቀቃቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ የጌጅ፣ የመለኪያ፣ መርፌ ሲከታተሉ የኖሩ ሰው፣ አሁን የቀራቸው ሥራ የቤቱን የውኃ ታንከር መሙላት ነበር። ፓምፑን ያስነሣሉ፤ መሰላል ወጥተው፣ ክዳን ከፍተው ያያሉ። ጉልበታቸው ግን አሻፈረኝ ብሏል። ባለፈው እግራቸው ሲንሸራተት እናቷ መሰላሉን ከሥር ይዘው ባይሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ልጅቱ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ናት። አባቷን ከመሰላል ለማውረድ ታንከሩ ላይ መለኪያ ገጠመችና ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን አመጣች።

«ይሄ ሲጨፍር የሚውል ቁጥር ነው። እኔ የማምነው መርፌ ነው» አሉ አባቷ።

ይሁን አለች። ጣቢያው አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ አባቷ ለማስታወሻ ያመጡት ክብ ጌጅ አልጋ ሥር ነበር። ችግሩ፣ ጌጁ የሚፈልገው የረጋ ቮልቴጅ ነው፤ ከመለኪያው ጋር ያገናኘቻት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ደግሞ የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ። ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ግማሹን ጊዜ ታበራለች፣ ግማሹን ታጠፋለች፤ ሲሞላ ሳታቋርጥ ታበራለች። ይህን ብልጭ ድርግም የሚያረጋጉት ሬዚስተርና ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ካፓሲተሩ ቦርዷ ስታበራ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ስታጠፋ ቀስ እያለ ይለቃል፤ በመሐል የረጋ ቮልቴጅ ይወጣል።

ተቻኩላ ያገኘችውን ትንሽ ካፓሲተር በየደችና ጌጁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። መርፌው ግማሽ ላይ ደርሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አባቷ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። ከዚያ ጫማቸውን ማሰር ያዙ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ወደ ላይ ነዋ! እኛ ጋ መርፌ ከተንቀጠቀጠ አይታመንም፤ ሄደሽ በዓይንሽ ታያለሽ።»

«ግማሽ ነው እኮ የሚለው!»

«እየተንቀጠቀጠ የመሰከረ ምስክር ማን ያምናል?»

እናቷም መሰላሉን ሊይዙ ተከትለው ወጡ። ልጅቱ ንድድ አለች፤ በአባቷ ሳይሆን በራሷ። ይህን ሕግ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው አድጋ እንዴት ረሳችው?

በማግስቱ ቶሎ የሚያልቅበትን ትንሽ ካፓሲተር ብዙ በሚያጠራቅም ትልቅ ለወጠችው። ማብሪያውን ስትጫን መርፌው ከዜሮ ተነሥቶ ዝግ እያለ ወጣ። «ደግሞ ሰነፍ ነው ሊሉኝ ነው» ብላ ሰጋች። መርፌው ቦታው ደርሶ ቆመ። አባቷ መስታወቱን በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉት። ንቅንቅ አላለም።

«አይቸኩልም። የኛ ትልቁ ጌጅም ጠባዩ እንዲህ ነበር» አሉ። ፓምፑን አስነሡና ወንበር ስበው ፊቱ ተቀመጡ። ልጅቱ እፎይ አለች።

እናቷ የፓምፑን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን እየጠረጉ ከወጥ ቤት ወጡ። እንደለመዱት መሰላሉን ጨብጠው ቀና ቢሉ ማንም የለም።

«ኧረ ሰውዬው የት ገባ?»

«እዚህ ነኝ! ሥራ ላይ ነኝ!» አሉ አባቷ ከሳሎን።

እናቷ ገቡ። ባላቸውን አዩ፤ መርፌውን አዩ፤ ሌላ ወንበር ስበው ከጎናቸው ተቀመጡ።

«ታንከር በሞላ ቁጥር የጫማህን ሶል ነበር የማየው» አሉ። «ዛሬ ገና ፊትህን አየሁ።»

መርፌው የመሙላት ምልክት የሆነውን ቀይ መስመር ሲነካ አባቷ ፓምፑን አጠፉ። ሁለቱም ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።