ጣቱ ያልነካው ጨዋታ

ጆይስቲኩን ወደ ቀኝ ገፋው፤ በስክሪኑ ላይ ያለችው ፖስተኛ ወደ ግራ ታጠፈች። የተሳሳተ መስሎት እንደገና ገፋ። ፖስተኛዋ ብስክሌቷን በትከሻዋ እንደተሸከመች የድንጋዩን ደረጃ ወጣች፤ የአንድ ቤት ደወል ደወለችና ደብዳቤ አቀበለች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው። እሷ ከቁብም ሳትቆጥረው ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች።

ጨዋታ አልነበረም። ፊልም ነበር።

የጨዋታው ሠሪ፣ የሚስቱ ወንድም፣ በስልክ ለመነጋገር ከሥራ ክፍሉ ወደ በረንዳው ወጥቶ ነበር። ሲወጣ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ ባይረሳው ኖሮ፣ ይህ ነገር እስከ ዘለዓለሙ ተሸፍኖ በቀረ።

ጆይስቲኩን የያዘውን ሰው ከተማው ሁሉ "መምህሩ" ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ዘወትር ቅዳሜ በሬዲዮ ቀርቦ የትኛው የቪዲዮ ጌም ለልጆች እንደሚበጅ፣ የትኛው ጊዜ ከመግደል እንደማያልፍ ለወላጆች ይናገራል። የቀድሞ ባልደረቦቹ "ያ ሁሉ ትምህርት ለአሻንጉሊት ዋለ" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ከማስተማር ለይቶ አያየውም። "ጣቴ ያልነካውን ጨዋታ አላወድስም" የሚለውን ቃሉን አድማጮቹ በቃላቸው ያውቁታል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በመጪው ዓመት የሚጠበቁትን ዐሥር ጨዋታዎች በደረጃ ያቀርባል። ሠሪዎቹ ገና ያላለቀውን ሥራቸውን ይልኩለታል፤ እሱም በገዛ እጁ ሳይፈትን አንዱንም አያነሣም።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬዲዮ የሚነበበው አንደኛው ነው። ጣቢያው ከጠዋቱ ጀምሮ በድረ ገጹ ላይ፣ ከፎቶግራፉ ሥር፣ ራሱ የጻፈውን አውጥቶታል፦ "ፖስተኛዋ፤ የመጪው ዓመት ቀዳሚ ጨዋታ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫውቼዋለሁ።"

አልተጫወተውም። ከቀናት በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሚስቱ ወንድም ጎን ተቀምጦ ሲመለከት ነው የቆየው። እጁን በዘረጋ ቁጥር፣ "ጋሼ፣ ገና ጥሬ ነው፤ ያልለመደ እጅ ከነካው ይበላሻል" ይለው ነበር። መምህሩም አመነው። ልጁ እናት አባቱን ባጣ ጊዜ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ወደ ቤቱ አምጥቶ ያሳደገው እሱ ነው። የገዛ ቤቱን ልጅ መጠርጠር ነውር መሰለው። "ማየትም ከመጫወት አይተናነስም" ብሎ ኅሊናውን ሸንግሎ "ተጫውቼዋለሁ" የምትለዋን ያቺን አንዲት ቃል ጻፈ።

የበረንዳው በር ተከፈተ። ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል ጆይስቲኩን በመምህሩ እጅ አየና ባለበት ቆመ።

"ምነው ነካኸው?"

"ይህች ሴትዮ ይህን ደወል ስንት ጊዜ ነው የደወለችው?"

"ጋሼ፣ ላስረዳህ…"

"የጠየቅሁህን መልስ።"

"ፊልም ነው" አለ ወጣቱ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ። "ሥዕሉን እኔው ነኝ የሠራሁት፤ እሱ ውሸት አይደለም። ሰው የሚያንቀሳቅሳትን ክፍል ግን ገና አልጀመርኩትም። ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ያሳያሉ፤ ኋላ ይሠራሉ።"

"ያሳዩ። አንተ ግን እኔን ምስክር አድርገህ አቆምከኝ።"

"አላቆምኩህም። 'ተጫውቼዋለሁ' በል አልኩህ? የጻፍከው አንተ ነህ።"

መምህሩ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወጣቱም ይህን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ድምፁን አለዘበ።

"ከጠዋት ወዲህ አራት ሺህ ሰው ለመግዛት ተመዝግቧል፤ አንተን አምኖ። ዛሬ አፍርሰህ ብትናገር እኔ ብቻ አልወድቅም። አንተም 'ውሸታሙ መምህር' ትባላለህ። ዝም ካልክልኝ ግን በዘጠኝ ወር እጨርሰዋለሁ። ማን ያውቃል?"

መምህሩን ያቆሰለው ፊልሙ አልነበረም። ልጁ የእሱን ውሸት አስቀድሞ ማስላቱ ነበር፤ እንደሚወደው አውቆ፣ ስለሚወደውም እንደሚዋሽለት አውቆ። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" የሚለውን ተረት ስንቴ ለተማሪ ተርቶታል፤ ለካ ሁልጊዜ የሚታየው የሌላ ሰው ፈረስ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

"አሁንም እዚያው ነህ?" አለች በደስታ። "አደራህን፣ ዛሬ ወንድሜን በደንብ አድርገህ አንሣልኝ።"

"ፖስተኛዋ በራሷ ነው የምትሄደው" አላት።

"ምን ማለትህ ነው?" እንድትለው ጠበቀ። እንድትለውም ለመነ፤ በልቡ። እሷ ግን ከጀርባዋ ሲወርድ ይሰማ የነበረውን የቧንቧ ውኃ ዘጋች።

"ለካ ነካኸው" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ቆየ። ምን ላድርግ? ብነግርህ ከዝርዝርህ ትሰርዘዋለህ፤ አንተን አጣሁህ እንዴ? እኔ ከእሱ ሌላ ወንድም የለኝም።"

"ባልስ?"

"አሁን ይህን ምን አመጣው?" አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር።

ስልኩን ዘጋ። ከቦርሳው ለዛሬ ያዘጋጀውን ጽሑፍ አወጣ፤ በወጣቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የመጀመሪያውን አንቀጽ በሙሉ ሰረዘው። ከላዩም በዚያ ጥቁር ሰሌዳ በለመደ ጉልህ ጽሕፈቱ ጻፈ። ወጣቱ በመምህሩ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ አነበበ፦

"ውድ አድማጮቼ፣ ፖስተኛዋን ተጫውቼዋለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። እጄ አልነካትም። ለጊዜው ፊልም እንጂ ጨዋታ አይደለችም። የተመዘገባችሁ ሁሉ ስማችሁን አሰርዙ። የዘንድሮው አንደኛ ቦታ ባዶ ነው።"

የወጣቱ ፊት ዐመድ መሰለ። "ጨረስከኝ" አለ። እንደገናም አነበበና፣ "እኔ እንዳታለልኩህ ግን አልጻፍክም" አለ።

"እኔ የዋሸሁትን እኔ እናገራለሁ። ያንተን አንተ ታውቃለህ።"

"ምን? እኔም ሬዲዮ ላይ ልውጣ?"

መምህሩ ኮቱን ለበሰና ደረጃውን ወረደ። ከታች ካለው የልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ሲደርስ ቆሞ ወደ ጣቢያው ደወለ። ያነሣችው የድምፅ ቴክኒሺያኗ ነበረች።

"ዛሬ ሁለተኛውንም ማይክ አዘጋጂልኝ" አላት።

"እንግዳ አለዎት እንዴ፣ መምህር?"

ቀና ብሎ ወደ በረንዳው ተመለከተ። ማንም አልነበረበትም።

"አላውቅም" አላት። "አንቺ ግን ክፈቺው።"