ዋርድያው አይሞቱም

ጋሼ ዋርድያ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞቱ፣ መንገዱን ከከለለው ገመድ ወዲያ የቆመችው አትክልት ሻጭ እንደገና ጮኸች።

"ኧረ በሕግ! እኚህን ሰው ለምን ትገድሏቸዋላችሁ?"

"ከት!" አለ ዳይሬክተሩ። "እናቴ፣ ድምፅ እየቀረጽን ነው አልኩሽ እኮ!"

"እሱን ብዬ አይደል የምጮኸው! ይቀረጻ!"

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው ተዋናይ መሬት ላይ እንደተጋደሙ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ተከታታይ ድራማ የሕንፃ ጥበቃ ሆነው በር ከፍተዋል፣ በር ዘግተዋል። አንድም ቀን መሪ ተዋናይ ሆነው አያውቁም። እውነተኛ ስማቸውን ከሚስታቸው በቀር የሚጠራው የለም፤ ለአገሩ ሁሉ "ጋሼ ዋርድያ" ናቸው። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ፕሮዲውሰር ወጣት ፊት ይፈለጋል አለና ዋርድያው በልብ ሕመም እንዲሞቱ ተጻፈ። ሌላ ሥራ የላቸውም፣ ሌላ ሥራም አያውቁም። ጠዋት አልባሳት ያዧ የካፖርታቸውን የረገፈ ቁልፍ ልትሰፋ መርፌ ስታነሳ፣ "ተይው ልጄ፣ ለሚሞት ሰው ቁልፍ ምን ይረባዋል?" ብለዋት ነበር። ሆዳቸው ባብቶ ነው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

"አራተኛ! አክሽን!"

ደረታቸውን ያዙ፣ ተንገዳገዱ፣ ወደቁ። አንድ የታክሲ ሾፌር ክላክሱን አንባረቀው። "እሳቸው ከሞቱ ቴሌቪዥኔን እሸጣለሁ!" አለ በመስኮት።

ይሄኔ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት በገመዱ ሥር ሾልካ ገባች። "ልብ ሕመም ከሆነ እኔ ነርስ ነኝ!" አለችና ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ እናቴ ከታመመች ወዲህ ከአልጋዋ ቀና የምትለው እርስዎን ለማየት ብቻ ነው። ዛሬ ገብቼ ምን ልበላት?"

የሟቹ እንባ በጉንጫቸው ወረደ። ካሜራው አልቆመም ነበር።

ዳይሬክተሩ "ከት" ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ስክሪኑን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ስልኩን አውጥቶ ለፕሮዲውሰሩ ደወለ። "ጌታዬ፣ ዋርድያው አልሞቱም። ነርስ ደረሰችላቸው... አይ፣ ስክሪፕቱ ላይ የለም... እንግዲያው ራስዎ ይንገሯቸው!" ብሎ ስልኩን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ።

"አይሞቱም!" አለ መንገዱ በአንድ አፍ።

ዳይሬክተሩ ስልኩን ጆሮው ላይ መለሰ፣ ጥቂት አዳመጠ፣ ሳቀ። "ይኑሩ ተብሏል!"

ፉጨቱና ጭብጨባው መንገዱን ሞላው። አትክልት ሻጯ ጥላ የመጣችውን ሚዛን ረስታ ትዘላለች። ጋሼ ዋርድያ በነርሷና ከታክሲው ወርዶ በመጣው ሾፌር ተደግፈው ተነሡ። ዙሪያቸውን ለቆመው ሰው ሁሉ እየዞሩ እጅ ነሡ።

አልባሳት ያዧ አቧራቸውን ልታራግፍ ስትመጣ፣ ካፖርቱን አውልቀው ሰጧት።

"በይ ቁልፉን ስፊልኝ" አሏት። "ክሩን ደርበሽ አጥብቂው።"