ሽማግሌዎቹ የመጡበት ዓርብ

ሽማግሌ እንደ ለማኝ ከደጅ ሲባረር ያየሁት ያን ዓርብ ብቻ ነው፤ ዳግመኛም አያሳየኝ።

ጅቡቲ ውስጥ ለኛ ለቤት ሠራተኞች እናትም አባትም አሠሪያችን ናት። ስለዚህ አምባው፣ አብራኝ የምትሠራው የእስከዳር ወዳጅ፣ እሷን ለማግባት ሽማግሌ የላከው እኛ ወደምንሠራበት ወደ ማዳም ሐምዲያ ቤት ነው፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር። ሽማግሌ ተብዬዎቹ እንደሱው የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። አንዱ ወደብ ሲጭን ሌላው ድንበሩ ላይ ጋላፊ ነው፤ አምባው ባንድ ቀን ሊሰበስባቸው የመጫኛ ተራውን ለስንቱ እንደለቀቀ እሱ ነው የሚያውቀው።

እስከዳር ደግሞ በማግስቱ ዱባይ ልትበር ነው። ቴዎ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች እዚያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የዘፋኝነት ሥራ አግኝቶላታል። ሲያንሳት ነው! ስታንጎራጉር እየሰማሁ ስንቴ ወጥ አሳርሬያለሁ።

«ማዕዚዬ፣ እሺ ብል ዘፈኑ ሊቀርብኝ ነው፤ እምቢ ብል እሱ» አለችኝ። «በኛ ወግ በመጀመሪያው ቀን ልጅ አይሰጥም አይደል? ማዳም ለዛሬ ትመልሳቸው። እስከዚያ ላስብበት።»

ለማዳም ያስረዳኋት እኔ ነኝ። «ዛሬ አይሰጥም፤ ሌላ ቀን ይመጣሉ» አልኳት። አማርኛዋን የለቀመችው ከኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ስለሆነ ከትእዛዝ ሌላ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሰው ላብ በላብ ሆነው ቆሙ። ትልቁ፣ ጋሽ ጀንበሬ፣ «ልጅዎን ለልጃችን...» ብለው ሳይጨርሱ፣

«የለም! አልሰጥም! ሂዱ!» አለቻቸው።

«እንመካከርበት» የለ፣ ቀጠሮ የለ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ሮጬ በር ላይ ደረስኩባቸው። «ጋሼ፣ እንደሱ ማለቷ አይደለም...»

«ተይው ልጄ» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። «ልጁ እኮ ዱባይ አትሂድ አላለም። ቃሏን ሰጥታን ትሂድ፣ እስክትመለስ እጠብቃታለሁ ነው ያለው።»

ደስታዬ! እየበረርኩ ጓሮ ገብቼ ነገርኳት። የመድረክ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። አምባው ነው። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እስክዬ፣ ያ እምቢታ ያንቺ ነው ወይስ የሴትዮዋ? የሷ ከሆነ ንገሪኝና አሁኑኑ ራሴ እመጣለሁ።»

እኔ በእጄም በዓይኔም «የሷ ነው በይው!» እላታለሁ።

«የኔ ነው» አለችው።

ከዚያ «እሺ፣ በሰላም ግቢ» ብሎ ዘጋው።

«አብደሻል እንዴ አንቺ! እጠብቃታለሁ ብሏል እኮ!»

«እሱማ ነው ነገሩ» አለችኝ። «ከጠበቀኝ እመለሳለሁ። እኔ መመለስ አልፈልግም፣ ማዕዚ።»

ፊቷ ላይ እንባም የለ፣ ደስታም የለ። እጇን ብይዘው ቀዝቅዟል። «አሞሻል?» አልኳት።

«ገና ምንም አልተሰማኝም» አለችና ቀሚሱን ገልብጣ የጀርባውን መተኮስ ጀመረች።

እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ለሷም ለሱም አለቀስኩላቸው።