የልጇ ድምፅ የጠፋባት እናት

ተመራማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ መንፈሷ አልረጋ ብሏታል። ትናንት ለእናቷ ደውላ «እማ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብትል፣ እናቷ እንደ ባዳ «ማን ልበል?» ብላ ጠየቀቻት። ስሟን ስትነግራት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሥራዋ የጦጣዎችን አንጎል ማጥናት ነው። ባልደረባዋ በድምፅ ማጉያ የጦጣ ጩኸት እያፈራረቀ ያሰማል፤ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ የአንጎላቸውን ምልክት ትከታተላለች። «አሮጊቷ» የሚሏት ጦጣ የሌሎቹን ጩኸት ከቁብም አልቆጠረችው። በሌላ ክፍል የምትኖረው የልጇ ድምፅ ሲመጣ ግን ዞር አለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ሽቅብ ተመነጠቀ።

«አየሽ፣ ሳታያት ለየቻት» አለ ባልደረባዋ።

እሷ ልቧ እዚያ አልነበረም። እናቷ በቅርቡ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ድናለች ተብላ ነው የወጣችው። አሁን ነገሩ ከነከናት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የእናቷ በር ገርበብ ብሏል። ከውጭ ሆና «ቤቶች» አለች።

«ይግቡ፣ ክፍት ነው።»

እንግዳ መስላታለች። ልጅቱ በሩን ገፋችው። ስትገባ የእናቷ ፊት በራ።

«ምነው በሥራ ሰዓት?»

«እማ፣ ድምፄን አላወቅሽውም አይደል?»

እናቷ የያዘችውን ሹራብ አጠፈች፤ ዘረጋችው፤ ደግማ አጠፈችው።

«የሁላችሁም ድምፅ አንድ ሆኖብኛል» አለች በመጨረሻ። «ያንቺም፣ የወንድምሽም፣ የጎረቤቴም። የምትሉት ይገባኛል፤ ማን እንዳለው ነው የሚጠፋኝ። ጃጀች እንዳትሉኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«መጃጀት አይደለም። አንጎል ውስጥ ድምፅን ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኝ ቦታ አለ፤ የተጎዳው እሱ ይመስለኛል።»

«ይድናል?»

«አላውቅም፣ እማ» አለች። ሐኪም ዘንድ ይዛት ሄደች።

ሐኪሙም ያንኑ አረጋገጠላቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቿ ሲደውሉ መጀመሪያ ማንነታቸውን እንዲናገሩ ተስማሙ፤ እናትየውም ስልኳን ሳትፈራ ማንሳት ጀመረች። ወንድምየው ወዲያው ለመደው። ተመራማሪዋ ግን «እኔ ነኝ፣ ታናሿ ልጅሽ» ባለች ቁጥር ሆዷ ይባባል። እናቷ «እሺ የኔ ልጅ» ስትላት፣ አምናት እንጂ አውቃት እንዳልሆነ ታውቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት እንዲሁ አውርተው ስልኩን ስትዘጋ፣ መቀመጥ አቃታት። ካፖርቷን ደርባ ታክሲ ያዘች።

እናቷ በሩን ከፍታ አየቻት። «አሁን እኮ አወራን» አለች።

«አዎ» አለች ልጅቱ፣ አልፋት እየገባች፤ «ልይሽ ብዬ ነው።»