እስከ መስመሩ ድረስ

ክሩ ዛሬም ባዶውን ነው። የኬሚስትሪ መምህሯ በረንዳው ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ተንበርክካ ጠርሙሱ ላይ አፈጠጠች። ከትናንት በስቲያ በዚህ ክር ጫፍ ምስር የምታህል የሸብ ክሪስታል በገዛ እጇ አስራ ሰቅላለች። አሁን ክሩ ብቻውን ይወዛወዛል። ውሃው ቁልጭ ያለ ነው፤ ምስሯ ግን የገባችበት አልታወቀም። ይህቺ አራተኛዋ ነች።

“ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!” አለች፤ ጠርሙሱን ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

ተማሪዎቿ እትዬ ብልቃጥ ይሏታል። ብልቃጥ ሳትይዝ ክፍል ገብታ ስለማታውቅ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሯትና ቤተ ሙከራው ለተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ እንደሚፈለግ ነገሯት። “ኬሚካሉ ሁሉ ጊዜው አልፎበታል፣ መምህርት። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ሲባል አልሰሙም?” አሏት። እሷም እልህ ያዛትና፣ ከገበያ በሚገዛ ሸብ፣ ጨው በሚመስለው ነጭ ድንጋይ ብቻ፣ አውራ ጣቷን የሚያህል ክሪስታል አሳድጋ እንደምታመጣ ፎከረች። ሰውዬው ሳቁ። “እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ካመጡ ክፍሉ የእርስዎ ነው” አሉ። ምነው ያኔ ምላሴን በነከስኩት፣ ትላለች አሁን።

ሥራው ለወሬ ቀላል ነው። ሸቡን በሙቅ ውሃ፣ አልሟሟም ብሎ ታች እስኪቀር ድረስ ማሟሟት፤ ማጥለል፤ ማቀዝቀዝ፤ ከዚያ ጥሩ ቅርፅ ያላት ፍንካች በክር አስሮ መሀል ላይ መስቀል። ቀሪው ትዕግሥት ነው። ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነነ ሲጎድል ሸቡ መግቢያ ያጣና ክሪስታሏ ላይ እየተለጠፈ ያሳድጋታል። ለአሥር ዓመት ያስተማረችው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያዋ ስትጠፋ ክሩን ወቀሰች፤ በዓሣ ማጥመጃ ገመድ ቀየረችው። ሁለተኛዋ ስትጠፋ ሸቡ ቆሻሻ አለበት ብላ አዲሱን የትራስ ልብስ ቀድዳ ሦስት ጊዜ አጠለለችው። በሦስተኛው ጊዜ ጥፋተኛዋ ፀሐይ ነበረች፤ ጠርሙሱ ወደ ጥላ ዞረ፣ አፉም አቧራ እንዳይገባ ወረቀት ተደረገለት። ጠብ ያለ ነገር የለም። ውሃው ምን ያህል እንደተነነ ለማወቅ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አስምራበታለች። ጠዋት ጠዋት እያየች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ከወትሮው ቀደም ብላ ተነሳችና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ገለጠች። “ውሃው መስመሩ ላይ ነው።” በማግስቱም “ውሃው መስመሩ ላይ ነው።” አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር! በዚህ ሁሉ ደረቅ አየር አንዲት ጠብታ አልተነነችም ማለት ነው? “የጻፋችሁትን ካላነበባችሁት ለምን ትጽፋላችሁ?” እያለች ተማሪ የምታሸማቅቅ ሰው፣ የራሷን ጽሑፍ ዛሬ ገና አነበበችው።

የበረንዳው በር ሲጢጥ አለ። አባቷ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርተው፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እሷ ዘንድ ይኖራሉ፤ ማለዳ ማለዳ የበረንዳውን አበቦች ያጠጣሉ። በመስኮቱ አየቻቸው። ማጠጫውን ይዘው ወደ ጠረጴዛዋ ሄዱ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አነሱ፤ ክሩ ላይ ቀስ አድርገው አንቆረቆሩ። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከቀዩ መስመር ጋር አስተካከሉና አንዲት ጠብታ ጨመሩ። ስንቱን ተማሪ ለምናው እንቢ ያላትን የልኬት አነባበብ እሳቸው ሳይነገራቸው ያውቁበታል። ከዚያ ወረቀቱን መለሱት።

“አባባ! ምን እያደረጉ ነው?”

“ውሃው እየጎደለብሽ ነው እኮ፣ ልጄ” አሉ ፈገግ ብለው። “አንቺ ሥራ ይበዛብሻል፣ ትረሻለሽ። እኔ ግን በየማለዳው እስከ መስመርሽ እሞላልሻለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩ።”

ችግኝ ጣቢያ በርሜሉ ሁሉ ቀይ መስመር ነበረው። ውሃ ከመስመር ወርዶ ከተገኘ የአጠጪው ጥፋት ነው። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው አድጋለች፤ ትዝ ያላት ግን ኋላ ነው። ያን ጊዜ ደሟ ፈልቶ ነበር።

“አንተ ነህ? አንተ ነህ እንዴ ውሃ እየጨመርክ ስታሟሟብኝ የከረምከው?” በዕድሜዋ አባቷን አንተ ብላ አታውቅም። “ከእንግዲህ እዚህ ቤት ምንም ነገር እንዳትነካ! ምንም!”

አባቷ ማጠጫውን ግድግዳው ሥር አስቀምጠው ገቡ። እሷ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሥር ገፍታ በሌላ ጠርሙስ እንደ አዲስ ጀመረች፤ ክፍሏ ውስጥ ቆልፋበት።

ዓርብ ዕለት ክር ላይ የተንጠለጠለችው ሽምብራ አታህልም ነበር። ርእሰ መምህሩ መነፅራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። “ይቺን ነው?” አሉ። የተሰባበሩት ወንበሮች በዚያው ከሰዓት ገቡ፤ የቤተ ሙከራውን ቁልፍም ከእጇ ተቀበሏት። እቤት ስትደርስ ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ነበር፤ ብስጭቷ ቀደማትና በሯን ዘግታ ተኛች። በማግስቱም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ በረንዳውን የምታልፈው አንገቷን ደፍታ ነው። ሳምንት አልፎ፣ አንድ ጠዋት መጥረጊያ ስትፈልግ ከጠረጴዛው ሥር የተረሳው ጠርሙስ እጇን ነካት። አወጣችው። ውሃው ከመስመሩ ወርዶ ግማሽ ደርሷል። ታች፣ ማንም ሳይሰቅላት፣ አውራ ጣቷን የምታህል ክሪስታል ተቀምጣለች። ጠርዟ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለች።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አለች፤ ግን ሳቋም መጣ። “አባባ! ይምጡ ይዩ!” ብላ ዞረች።

አበቦቹን ያን ጊዜ አየቻቸው። ሁሉም ደርቀዋል። ቅጠሉ ረግፎ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ማጠጫው ግድግዳው ሥር፣ ያን ማክሰኞ እንደተቀመጠ ነው። አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ታጥፏል።

“አባባ… አበቦቹ?”

“ምንም እንዳልነካ ብለሽኝ” አሉ። ቁጣ የለበትም።

ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠች፤ ማጠጫውን ሞልታ አመጣችና እጃቸውን ከኋላቸው ፈትታ አስያዘቻቸው። “አጥፍቻለሁ፣ አባባ። ያጠጡ፤ እባክዎ።”

ሽማግሌው ወደ መጀመሪያው የአበባ ሸክላ ሄዱ። ማጠጫውን አዘነበሉና ውሃው ሳይፈስ መልሰው አቀኑት። ዞረው አዩዋት።

“እስከ የት ድረስ?” አሉ።

ሸክላው ላይ የምታሳያቸው መስመር አልነበራትም።